ድንጋይ በአባት ጫንቃ

ሽማግሌ አከብራለሁ። ይህን መጀመሪያ ልናገር፤ ኋላ የማወራውን ሰምቶ «ሸዋዬ ድሮም ባህል አታውቅ፣ ሕግ ነው ያበላሻት» የሚል አይጠፋም። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሽማግሎች ጋር ተቀምጫለሁ። ባልና ሚስት አስታርቄአለሁ፤ በአጥር የተጣሉ ጎረቤቶችን፣ በውርስ የተካሰሱ ወንድማማቾችን አስታርቄአለሁ። የእድራችን የመጀመሪያዋ ሴት ሊቀመንበርም እኔ ነኝ። ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ በወይዘሮ አስማ ቤት ያየሁትን ግን ሽምግልና ነው የሚለኝ ሰው ካለ፣ መጥቶ ፊት ለፊቴ ይበለኝ።

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ነው። አስማ ደወለችልኝ።

«እትዬ ሸዋዬ፣ ሽማግሎች ነገ እንመጣለን ብለው ልከውብኛል። ምን ልበላቸው?»

«እነማን ናቸው?»

«ጋሽ ሸዋንግዛው አሉበት። ሐጂ ሙህዲንም አሉ።»

ሐጂ ሙህዲን ስትል ድምፅዋ ወረደ። አዲስ ከተማ ሰፈር ያለው የቅመማ ቅመም ሱቋ የሐጂ ነው፤ እሷ ተከራይ ናት። ሰውየው ደግ ናቸው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ኪራይ ሳይጨምሩ አኑረዋታል። አሁን ያ ደግነት በምን ሊመነዘር እንደሆነ ገባኝና ደሜ ፈላ።

«ቤትሽ የመጣ እንግዳ ነው፤ አስገቢያቸው። እኔም እመጣለሁ። እስክመጣ ግን እሺም እምቢም እንዳትዪ» አልኳት።

«እርስዎ ያሉኝን ነው የማደርገው፣ እትዬ።»

ይህን ስትለኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከበደኝ እንጂ ደስ አላለኝም። ሰኞ ጠዋት ልጇ ዩኑስ ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚመሰክርበት ቀን ነበርና።

ዩኑስ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል በሚባለው ቦታ ከአሥጋሪዎች ዓሣ እየተረከበ ለሆቴሎች የሚያደርስ ወጣት ነው። ዓምና ከዚያ አካባቢ አንድ የጀልባ ሞተር ተሰረቀና ፖሊሶች ሐይቁ ዳር ያገኙትን ጎረምሳ ሁሉ አፍሰው ወሰዱ። ሳጅን ፍፁም የሚባል መርማሪ ዩኑስን ወንበር ላይ አስቀምጦ «ሞተሩን የት ደበቅከው?» እያለ በሁለት መዳፉ ሁለቱን ጆሮዎቹን በአንድ ጊዜ ያጮላቸው ነበር። ልጁ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ የሚናገረውም አልነበረውም። ሞተሩ በኋላ የተገኘው ከባለቤቱ ከራሱ የእህት ልጅ ቤት ነው። «በል ሂድ፣ ነፃ ነህ» ሲሉት ዩኑስ አልሰማም። ገፍተው አስወጡት። ቀኝ ጆሮው ጨርሶ ጠፍቷል፤ ግራው ካልጮኹበት አይሰማም። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ለእኔ አዲስ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ። እስር ላይ የሞተ የአንድ ገበሬ መዝገብ «ይዘጋ» ተብዬ ስታዘዝ፣ መልቀቂያዬን አስገብቼ ወጣሁ። ከዚያ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ሆንኩና፣ ጠበቃ መቅጠር ከማይችሉ ሰዎች ጋር ችሎት በር ላይ እየተዋወቅሁ ገብቼ ስሟገት ኖርኩ። አሁን አዲስ ከተማ ከአንድ ሞባይል ጠጋኝ በላይ ቢሮ አለኝ፤ ከሚመጣው ሰው ግማሹ የሚከፍለኝ በምርቃት ነው። በዚያ ላይ እድሩ፣ የወላጆች ኮሚቴ፣ የሰላም ኮሚቴ፣ የውሃ ኮሚቴ። ኮሚቴ በተቋቋመ ቁጥር «ሸዋዬ ትግባ» ይባላል። የምስጋና ወረቀት ግድግዳዬን ሞልቶ ከመደርደሪያ ጀርባ ገብቷል። መድረክ ላይ አውጥተው ጋቢ አልብሰውኛል፣ አስጨብጭበውልኛል። በዚህ ዕድሜዬ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ሰው ጋቢ የሚያለብስሽ እንዲሞቅሽ ብቻ አይደለም፤ ተሸፋፍነሽ ዝም እንድትዪለትም ጭምር ነው።

በዩኑስ ጉዳይ ግን ዝም አላልኩም። ዐቃቤ ሕጉን ደጅ ጠናሁ፣ አቤቱታ ጻፍኩ፣ ተጨቃጨቅሁ፤ በመጨረሻ ፍፁም ተከሰሰ። ችግሩ ምስክር ነው። አብረውት ከታሰሩት አንዱ ወደ ሞያሌ ጠፍቷል፣ ሌላው «እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር» ይላል። የሐኪሙ ወረቀት ጆሮው መጎዳቱን ይናገራል እንጂ ማን እንደጎዳው አይናገርም። ስለዚህ ክሱ ያለው በዩኑስ አፍ ላይ ብቻ ነው። ዩኑስ ካልተናገረ ፍፁም ሰኞውኑ መለዮውን አድርጎ ወደ ምርመራ ክፍሉ ይመለሳል። ሽማግሎቹም ለዚሁ ነበር እሑድን የመረጡት።

እሑድ ምሥራቅ ሰፈር፣ አስማ ቤት፣ ከዘጠኝ ሰዓት ቀደም ብዬ ደረስኩ። ዩኑስ ከግድግዳው ሥር ዱካ ላይ ተቀምጧል። ሽማግሎቹ ሲገቡ እንደ ደንቡ «ካልሰማችሁን አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ከፊት ጋሽ ሸዋንግዛው፣ አጠገባቸው ሐጂ ሙህዲን፣ ሁለት ሌሎች የእድራችን ሰዎች፤ ከሁሉም ኋላ ደግሞ አጎንብሶ የሚገባ ሰው ነበር። ማጅራቱ ላይ የወፍጮ መጅ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ አለ። ቀና ማለት ስለማይችል ፊቱን ለማየት እኔ ዝቅ ማለት ነበረብኝ። ጋሽ ወልደጻድቅ ናቸው፤ የፍፁም አባት።

ጋሽ ወልደጻድቅን ምሥራቅ ውስጥ የማያውቃቸው የለም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው። የዚህ ሰፈር ልጅ ሁሉ ማባዛትን የተማረው ከእሳቸው ነው፤ ዩኑስም ጭምር። ልባቸውን እንደሚያማቸውም ሁላችንም እናውቃለን።

«ይህን ሰው ማነው ያሸከማቸው?» አልኩ፤ ሰላምታም አልሰጠሁም።

ጋሽ ሸዋንግዛው እንዳልሰሙ ሆነው ወደ አስማ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺ እናት ነሽ። የሰው ልጅ ያጠፋል። ፍፁም አጥፍቷል፤ አንክድም። ግን ሦስት ልጆች አሉት። እንጀራው ሊቆረጥ ነው። ልጅሽን እኛ እናሳክማለን። አባቱ ይኸውና ድንጋይ ተሸክሞ ደጅሽ መጥቷል። ነገሩን ለእግዜር ብለሽ፣ ለሽማግሌ ብለሽ ተዪልን።»

«ለአላህ ብለሽ» አሉ ሐጂ ሙህዲን፣ መሬት መሬት እያዩ።

«ፍፁምስ የት አለ?» አልኩ።

«አፍሮ ነው። ፊታችሁን ማየት አቅቶት።»

«አፍሮ? ያፈረ ሰው ራሱ ይመጣል እንጂ አባቱን አይልክም! ጋሽ ሸዋንግዛው፣ እርስዎና እኔ አብረን ስንቱን በዳይ ድንጋይ አሸክመናል። የሚሸከመው ያጠፋው ነው። አንድ ቀን አባት አሸክመን እናውቃለን?»

«ሸዋዬ፣ አንቺ ዛሬ የተቀመጥሽው እንደ ጠበቃ ነው ወይስ እንደ እድር ሊቀመንበር?»

«አንድ ወንበር ላይ ነው ያለሁት! ሁለት ቂጥ የለኝም!»

ሐጂ ሙህዲን «አስተግፊሩላህ» አሉ። አስማ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። ጋሽ ሸዋንግዛው ግን ልምድ ያላቸው ሰው ናቸው፤ አልተቆጡም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ሰላም፣ ስለ አብሮ መኖር፣ ነገ የሚያስፈልገን ማን እንደሆነ ስላለመታወቁ ተናገሩ። ለቀብር የሚመጣው ዳኛ ሳይሆን ጎረቤት ነው አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። እውነት የሆነን ነገር ሁሉ ሰብስበው ለአንድ ውሸት አገልጋይ ያደርጉታል። እኔ «ይህ በግል አቤቱታ የሚነሳ፣ በግል የሚተው ወንጀል አይደለም» እላለሁ፣ እሳቸው «ሕግም የሰው ነው» ይላሉ፤ እንዲህ እየተባባልን ስንቆይ ጋሽ ወልደጻድቅ እንዳጎነበሱ ነበሩ። ማናችንም አላየናቸውም። እኔም አላየኋቸውም።

ያያቸው ዩኑስ ነው። ክርክራችንን አይሰማም። የሚያየው የአስተማሪውን ጉልበት መንቀጥቀጥና ከአፍንጫቸው ጫፍ የሚንጠባጠበውን ላብ ነው። ድንገት ተነሳ፣ በመካከላችን አለፈ፣ ድንጋዩን በሁለት እጁ ከማጅራታቸው አንስቶ በሩ ጥግ አስቀመጠው።

«ቲቸር፣ ቀና ይበሉ። ይጎዳዎታል» አለ።

ከዚያ ጋሽ ሸዋንግዛው እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «ተመስገን!» አሉ። አጨበጨቡ። ደጅ የቆሙት ጎረቤቶች እልልታውን አቀለጡት። ሐጂ ሙህዲን ዩኑስን ግንባሩን ሳሙት፤ ሌሎቹ ተከተሉ። ምርቃት ጀመሩ። ልጁ ምን እንደተፈጠረ አልገባውም፤ በሰዎቹ ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ እኔን እኔን ያያል።

በእኛ ዘንድ የተሸከመ ሰው ድንጋዩን በራሱ አያወርድም። ተበዳይ «ይቅር ብያለሁ» ብሎ በእጁ ያወርድለታል። ተበዳይ ካወረደው ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ክስ መመለስ ነውርም እርግማንም ነው። ዩኑስ ለአንድ ሽማግሌ ወገብ አዝኖ፣ የራሱን ፍርድ በእጁ በር ጥግ አስቀመጠው።

«አላወቀም!» ብዬ ጮህኩ። «ልጁ ይቅር አላለም! ስለ ሰውየው ጤና ነው ያሰበው! እናንተስ ለምን አላሰባችሁም?»

«ድንጋይ ያወረደ ይቅር ብሏል» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው፣ አሁን ፈገግ ብለው። «ይህን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ነገ ሄዶ ቢመሰክር ሽማግሌ ማዋረድ ነው። አንቺም ብትገፋፊው እድሩ ይነጋገርበታል፤ ቃል አፍራሽ ሊቀመንበር የለንም።»

«ይነጋገርበት! ቁልፉም ማኅተሙም ቢሮዬ ነው፤ መጥታችሁ ውሰዱ!»

አስማ እጄን ያዘች። እያለቀሰች ነበር። «እትዬ ሸዋዬ፣ በቃ ይቅር። ልጄ በእጁ አወረደው እኮ። ከሽማግሌ ወጥቼ ከማን ጋር ልኖር ነው?»

እርስዎ ያሉኝን አደርጋለሁ ያለችኝ ሴት ናት። ጋሽ ወልደጻድቅ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጥለው ዩኑስን ብቻ ያዩ ነበር።

ስወጣ ዩኑስ ባጃጅ ሊያሳፍረኝ ተከተለኝ። የጠበቃ ምክር ሹክ የሚባል ነገር ነው። የእኔ ደንበኛ ግን ካልጮኹበት አይሰማም፤ ስለዚህ የሕግ ምክሬን መላው ምሥራቅ አዳመጠው።

«ድንጋዩን ስላወረድክ ታርቀሃል ነው የሚሉት!» አልኩ በግራ ጆሮው። «ነገ እንዳትመሰክር ነው!»

ቆም አለ። ከዚያ፣ ድምፁን መመጠን ስለማይችል እሱም እየጮኸ፣ «ቲቸር ሲንቀጠቀጡ እንዴት ዝም ብዬ ልያቸው?» አለኝ።

«ለአባቱ ማዘንህ ደግ ነው። ልጁስ?»

«በእልልታው መሀል ሐጂ በጆሮዬ ጮኸው ነገ ይመጣል ብለውኛል፤ ፍርድ ቤት በር ላይ አቅፎ ይቅርታ ይጠይቅሃል ብለውኛል። ከጠየቀኝ ይቅር እለዋለሁ፣ እትዬ። ጆሮዬ እንደሆነ ቢታሰር አይመለስልኝ። ብቻ ዓይኔን አይቶ ይጠይቀኝ።»

ብዙ የምለው ነበረኝ። ነገ ሌላ ልጅ ያ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ፣ የሌላውም ጆሮ እንደሚጠፋ። አልኩትም፤ ጎረቤት መስኮት እስኪከፍት ድረስ ጮሄ አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። አስገድጄ ላስመሰክረው አልችልም። አፉ የእሱ ነው፤ አንድ መርማሪ በጥፊ ሊያስከፍተው የሞከረውን አፍ እኔ በጩኸት አልከፍተውም። ባጃጁ ውስጥ ገብቼ ቤቴ እስክደርስ ድረስ በንዴት አለቀስኩ።

ሰኞ ጠዋት የፍርድ ቤቱ ኮሪደር እንደ ሁልጊዜው በሰው ተጨናንቋል። ዩኑስ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ በእሱ ዕድሜ ያለ፣ እሱም ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ የማናውቀው ወጣት አለ፤ የራሱን ቀጠሮ የሚጠብቅ ባጃጅ ነጂ ነው። አስማና እኔ ፊት ለፊታቸው ቆመናል። አንነጋገርም።

ሽማግሎቹ ነጭ በነጭ ሆነው መጡ። ጋሽ ወልደጻድቅ ከዘራ ይዘዋል። ከመካከላቸው ፍፁም፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ተላጭቶ። ሲታይ መልከ መልካም፣ ጨዋ የሚመስል ሰው ነው። ሲያልፍ ለእኔም ጎንበስ ብሎ «እንዴት አደሩ» አለኝ። አልመለስኩለትም።

«በል እንግዲህ ሂድ፣ እቀፈው» አሉት ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ወደ አግዳሚው እየገፉት።

ዩኑስ ብድግ አለ። ባጃጅ ነጂውም፣ ሽማግሎች ወደ እሱ ሲመጡ አይቶ፣ ለአክብሮት ብድግ አለ። ፍፁም ክንዶቹን ዘርግቶ ሄደና ባጃጅ ነጂውን እቅፍ አደረገው። ትከሻውን ሳመው።

«ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» አለው።

«ኧረ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል!» አለ ልጁ፣ እየገፈተረው። «አላውቅህም! እኔ ባጃጄ ተይዛብኝ ነው የመጣሁት!»

ፍፁም ወደ ሽማግሎቹ ዞረ። አላፈረም፤ የሱቅ ዕቃ እንደሚያስመርጥ ሰው ነበር የጠየቀው።

«የትኛው ነው ታዲያ?»

በዚያ ኮሪደር የቆመ ሰው ሁሉ ሰማው። ሐጂ ሙህዲን ፊታቸውን አዞሩ። ጋሽ ወልደጻድቅ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ያዙ። ስንቱን ልጅ ቢመታ ነው የመታውን የማይለየው?

ያልሰማ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ዩኑስ ሰውየው ሌላ ሰው ሲያቅፍ አይቷል፣ የተባለውን ግን አልሰማም። ወደ እኔ ዞሮ «ምን አለ?» አለኝ።

ጋሽ ሸዋንግዛው ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። አስማን አየኋት። እንባዋ ደርቋል፤ ከንፈሯን ነክሳ ልጇን ታያለች። «ይንገሩት» አለችኝ። «እትዬ፣ ይንገሩት።»

ወደ ግራ ጆሮው ጠጋ ብዬ፣ በሃያ ዓመት ሽምግልና ያላወጣሁትን ድምፅ አወጣሁ።

«"የትኛው ነው?" ነው ያለው!»

ፍፁም ያን ጊዜ ነገሩ ገባውና ወደ ዩኑስ ፈጠን ብሎ ክንዶቹን ዘረጋ። «ውይ፣ ወንድሜ፣ ሰው ይመሳሰላል እኮ...» ዩኑስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። አልተሳደበም፣ አልጮኸም። ሸሚዙን ወደ ሱሪው በደንብ አስገባና የችሎቱን በር ተመለከተ። ስሙ ተጠራ፤ አልሰማም። ትከሻውን ነካሁትና ገባ።

ዐቃቤ ሕጉ ጉዳዩን ስለሚያውቅ ምስክሩ ወደቆመበት ሳጥን ተጠግቶ በኃይል ጠየቀው። «ተከሳሹን ታውቀዋለህ?»

ጋሽ ሸዋንግዛው ከኋላ ወንበር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዩኑስ ግን ያ ዓይነት ድምፅ አይደርሰውም። ወደ ፍፁም ዞሮ በደንብ አየው።

«እኔ አውቀዋለሁ» አለ፤ ድምፁ አዳራሹን ሞላው። «እሱ ነው የማያውቀኝ።»

ከዚያ ከአሞራ ገደል ጀመረ። ዳኛዋ ድምፅህን ቀንስ አላለችውም። ወንበሩ የት እንደነበር፣ መዳፎቹ እንዴት እንደሚመጡ፣ ከስንተኛው በኋላ ዓለም ዝም እንዳለበት እየጮኸ ሲናገር፣ ጋሽ ሸዋንግዛው ተቆጥተው ተነሱ። ሽማግሎቹ አንድ በአንድ ተከተሏቸው። ሐጂ ሙህዲን አስማ ዘንድ ሲደርሱ የሆነ ነገር ሊሉ አሰቡና ትተውት አለፉ። ጋሽ ሸዋንግዛው ጎንበስ ብለው የጋሽ ወልደጻድቅን ክንድ ሳቡ።

«እንሂድ፣ ወልዴ። ተዋርደናል።»

አዛውንቱ ዓይናቸውን ከምስክሩ ላይ አላነሱም። ክንዳቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁ።

«ተወኝ» አሉ። «ልስማ።»